ጸበል የተረጨው ማንጎ

በነሐሴ ከአይከል ወደ ጎንደር በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት አጠገቧ ለተቀመጡ የማታውቃቸው ሽማግሌ ትነግራቸው ነበር።

«ባሌ ከመሞቱ በፊት የተከለውን ማንጎ ልቆርጠው ነው፣ አያ። ጎንደር የምሄደው መጋዝ ልዋስ ነው።»

«ምነው? አላፈራ አለ?»

«ቅጠሉ ጥቁር በጥቁር እየሆነ ይረግፋል። ጎረቤቴ በዓይኗ በላችው። ሲደርቅ ቆሜ ከማይ ልገላገል።»

«በበጋስ?»

«በበጋ እንኳ ሸጋ ነበር።»

«የጎረቤትሽ ዓይን በክረምት ብቻ ነው የሚበላ?»

ሴትየዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ሻጋታ ነው፣ ልጄ። ዝናብና ጉም ሲበዛ ቅጠሉ እንደረጠበ ያድራል፤ ያን ጊዜ ይይዘዋል።»

«ጸበል ያልረጨሁበት መሰለዎት? ማታ ማታ፣ ከላይ እስከ ታች!»

«ማታ ማታ? ዝናቡ አንሶት ነው?»

«ጸበል እኮ ነው የምልዎት!»

«ይሁን፤ ጸበልም ያረጥባል።»

ረዳቱ ከበሩ ዞረ። «እናቴ፣ ክርስትና አስነሱትና ይገላገሉ!»

«አንተ በርህን ዝጋ!»

ሽማግሌው አልሳቁም። «መጋዙን ለቅርንጫፉ ተዋሽው። የተጨናነቀውን አሳሽው፣ ነፋስ ይግባው። የረገፈውን ቅጠል ጠርገሽ አቃጥይው። ጸበሉን ደግሞ አንቺ ጠጪው።»

«ከዚያስ ይድናል?»

«ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ ለምልሞ ታይዋለሽ።»

«ባይድንስ?»

«ያኔ ትቆርጭዋለሽ፤ መጋዝ የት ይሄዳል?»

ወንድሜ ከመሞቱ በፊት፣ በዚያ የክረምት ብርድ፣ እያሳለው፣ በየማለዳው ጸበል እናስጠምቀው እንደነበር ትዝ አለኝና ጎንደር እስክንደርስ ፊቴን ከመስኮቱ አልመለስኩም።