የእትዬ ሂልያ ሰባት ችግኞች

ሆላንድ አሥራ አንድ ዓመት ተምሬና ሠርቼ ወደ ፊንላንድ መንደራችን በተመለስኩበት መጋቢት፣ የፖስታ ሳጥኖቹ በተደረደሩበት መንገድ ዳር ጎረቤታችንን እትዬ ሂልያን አገኘኋቸው።

«ስለ ተክል ተማረ ሲሉ ሰማሁ» አሉኝ። «እስቲ ና፣ ትምህርትህን ልየው።»

ከምድጃቸው በላይ ባለው መደርደሪያ፣ በተቆረጡ የወተት ካርቶኖች ውስጥ፣ ሰባት የቲማቲም ችግኞች ነበሩ። ቆመዋል ከሚባል ተጋድመዋል ቢባል ይሻላል፤ እንደ ክር ቀጥነዋል። ዘሩን ሟቹ ባላቸው ቬይኮ አርባ ዓመት ሙሉ ከፍሬው እየለቀሙ ያቆዩት ነው። ከእነዚህ ሌላ የቀረ የለም።

የቅጠሉ ሽታ ልጅነቴን መለሰልኝ። ያኔ በየቤቱ ችግኝ የሚያድገው እንዲሁ ምድጃ ላይ ነበር፤ እናቴም ከእኛ እኩል ታሞቀው ነበር። እሷን ልነቅፍ ነው? እያመነታሁ፣

«የጎዳቸው ሙቀቱ ነው» አልኩ።

«ወይ ጉድ! ውጭ በረዶው ጉልበት ይደርሳል፣ አንተ ሙቀት ትለኛለህ?»

«ዘሩ እስኪበቅል ሙቀት ይፈልጋል፣ እትዬ። ከበቀለ በኋላ ግን ብርሃን ሳያገኝ ከሞቀ ቁመቱ ብቻ ይመዘዛል። ብርሃን የሚገባበት፣ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ይስጧቸው።»

«የለኝም።»

ነበራቸው። በእኛ አገር ወደ ደቡብ የሚያየው የእንግዳ ክፍል በብርድ ወራት እሳት አይነድበትም፤ የሚከፈተው ለሠርግና ለሬሳ ነው። የቬይኮ ሬሳ ከወጣ ወዲህ፣ ሦስት ዓመት፣ መጋረጃው አልተገለጠም።

«ብትሳሳትስ? ሌላ ዘር ከየት አመጣለሁ?» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«ልሳሳት እችላለሁ። ሦስቱን ብቻ ይስጡኝ።»

የእንግዳ ክፍሉን ቁልፍ ከተሰቀለበት አወረዱ። ሦስቱን እስከ ቅጠላቸው ሥር ድረስ አፈር አልብሼ ተከልኳቸው፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣልና። መጋረጃውን ከፍተን መስኮቱ ላይ አስቀመጥናቸው።

«ውሃ አያብዙ። ማለዳ ማለዳ ደግሞ በእጅዎ ዳበስ ያድርጓቸው፤ እንደ ነፋስ ያጠነክራቸዋል።»

«አሁንስ ዘፈን ዝፈኝላቸው በለኛ!»

ከሦስት ሳምንት በኋላ አስጠሩኝ። ከምድጃው በላይ የቀሩት አራቱ በክር ታስረው ቆመዋል። የመስኮቱ ሦስቱ አጠር፣ ወፈር ብለው፣ ግንዳቸው እርሳስ አክሏል።

«አየህ» አሉኝ፣ እኔን የሚያስተምሩ ይመስል፣ «እንዲህ ያለው ውጭ ሲተከል ነፋስ አይሰብረውም፤ ቶሎ ያብባል፤ ብርዱ ሳይመለስ ፍሬው ይደርሳል። ለጎረቤቱም ነግሬያለሁ።»

ከዚያ የቀሩትን አራቱን በትሪ ተሸክመው ወደዚያ ክፍል ገቡ።

«ሁሉም እዚህ ይደጉ» አሉ መስኮቱ ላይ እየደረደሩ። «ቬይኮም ቢሆን ሙቀት አይወድም ነበር።»