በሩ ክፍት ነበር

— ሄሎ... አቤት፣ ሆቴል ነው። እንግዳ መቀበያ። ማን ልበል?

— ልጃቸው? የአስራ አንድ ቁጥሩ አባባ... (የስልኩን አፍ በመዳፏ ሸፈነች) ልጅቷ ናት! አናጢው፣ መዶሻውን አቁምልኝ። ኧረ አቁም!

— አለሁ፣ አለሁ የኔ ልጅ። ትሰሚኛለሽ? ... አይ፣ እድሳት ላይ ነን፣ የሱ ድምፅ ነው። ... አዎ፣ ስልካቸው ይጠራል፣ አያነሱም። እኛ ጋ ነው እኮ ያለው፣ ካዝና ውስጥ። ከጠዋት ጀምሮ ብረቱ ውስጥ ሲጮህ እኔም ጆሮዬን ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

— ቆይ፣ አትቸኩይብኝ። መጀመሪያ ንገሪኝ፣ አጠገብሽ ሰው አለ? ... ባልሽስ? ... ሥራ ሄደ። ሌላስ? ... አማትሽ አሉ? ጎሽ፣ ጥሪያቸው። ... ሕፃኑን ይዘሽዋል? ለሳቸው ስጪያቸው። ... ምንም ሳትጠይቂ ስጪያቸውና ቁጭ በይ። እሺ በይኝ።

— ተቀመጥሽ? ... የኔ ልጅ፣ አባትሽ ዛሬ ሊነጋጋ ሲል አመማቸው። ... አዎ፣ ልባቸውን ነው። ... አይ የኔ እናት፣ ሆስፒታል አይደሉም። ሐኪሙ እዚሁ መጥቶ ነበር። ... አርፈዋል። አባትሽ አርፈዋል።

— አልቅሺ። አልቅሺ፣ እኔ አልዘጋም። እዚሁ ነኝ።

(መዳፏ እንደገና ስልኩ ላይ) አንተ ጥበቃ፣ ምን ትለፈልፋለህ? «ያ መቀርቀሪያ ባይኖር» እያልክ... ትሰማሃለች እኮ! አውቃለሁ፣ አብረን አልነበርንም? የኛ መክፈቻ ቁልፉን ከፈተ፤ የውስጥ መቀርቀሪያውንና ያስደገፉትን ጠረጴዛ በምን እንክፈተው? «መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ» ሲሉ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አናጢው ደርሶ በሩ ሲሰበር ዝም ብለዋል። በቃ። ምን ላድርግ? ሂድ፣ ውጭ ሆነህ አልቅስ።

— ሄሎ... አለሁ። ... ማነው የሚያለቅሰው? ጥበቃችን ነዋ፣ ወዳጃቸው ነበር። የመጡ ዕለት ከላይ እስከ ታች አዩትና «አንተን ደሞ ማን ይጠብቅሃል?» አሉት። ሆዱን ይዞ ሳቀ! ከዚያ ወዲህ «አለቃ» ነው የሚላቸው። ... አዎ፣ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር።

— ካዝናው ውስጥ? ስልካቸውና መነፅራቸው ነው ያለው። ... አዎ፣ አዲሱ፣ ለሱ ብለው የመጡት። ትናንት ከመነፅር ቤቱ ተቀበሉት። ገንዘባቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ሸጉጠው መነፅሩን በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ምነው አባባ፣ ተገላበጠ እኮ» ብላቸው፣ «ገንዘብ ይተካል፤ ይሄ የልጅ ልጄን ፊት የማይበት ነው። አፍንጫው ያንተ ነው ይሉኛል፣ እስቲ አይቼ እኔው ልፍረድ» አሉኝ።

— አይዞሽ... አይዞሽ የኔ ልጅ።

— አድርገውታል፣ አንድ ጊዜ። እዚሁ ፊቴ ቆመው አጠለቁትና «ውይ፣ ለካ ቆንጆ ነሽ!» አሉኝ። ደግሞ አወለቁት፣ እንዳያረጅ ነው መሰለኝ። ... ስልኩንማ «ውሰጂው፣ ለዛሬ ልጄ ደውላልኛለች፣ ሌላ የሚፈልገኝ የለም» ብለው ነው የሰጡኝ።

— እንዴት? ... ስልክ ከሌላቸው እንዴት ጠሩን? ጎረቤታቸው ያደረ እንግዳ ሲያቃስቱ ሰምቶ ጠራን። ሮጠን ወጣን።

— ምን አልሽኝ? ... በየማታው እየደወልሽ? ... «በሩን ቀርቅር፣ ጠረጴዛውን አስደግፍበት»...

(አናጢው ደረጃው ሥር ቆሟል። የተቆለመመውን መቀርቀሪያ ከነምስማሩ ይዞ የት ላድርገው በሚል ዓይን ያያታል። በእጇ ምልክት «ከጀርባህ ደብቀው» አለችው።)

— ሄሎ? ... አለሁ፣ መስመሩ ነው። ... በሩ? በሩማ ክፍት ነበር።

— እርግጠኛ ነኝ፣ እኔው አይደለሁ የከፈትኩት? እጀታውን ዞር ማድረግ ብቻ ነው። ... ጠረጴዛውም ቦታው ነው፣ ማንም አልነካውም። ... ወዲያው ነው የገባነው። ብቻቸውን አልነበሩም። እጃቸውን ይዤ... አዎ፣ እኔ ነኝ የያዝኩት። ... ስምሽን? ጠርተዋል። «ልጄ» ብለዋል።

(ይቺኛዋ እንኳ ውሸት አልነበረችም። በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች።)

— ኧረ አትቆጪያቸው! ... አዎ። ... አዎ፣ አልሰሙሽም። ሰው ሲያረጅ ግትር ይሆናል፣ ምን ታደርጊዋለሽ። የኔም አባት እንደዚሁ ናቸው፤ የነገርኳቸውን በአንድ ጆሮ ሰምተው በሌላው ያፈሱታል።

— ምን? ... አልሰማሁሽም፣ ለቅሶው... ቀስ ብለሽ በይው።

— «እንኳንም አልሰማኝ»...

— አዎ። ... አዎ የኔ ልጅ። ቀርቅረውት ቢሆን ማን ይገባላቸው ነበር? እንኳንም አልሰሙሽ።

— ዛሬ ማታ? ... ከባልሽ ጋር፣ ደህና። ሕፃኑን ለማን... ይዘሽው ነይ፣ ይዘሽው ነይ። መነፅሩን በእጅሽ ነው የምሰጥሽ፣ ለማንም አልሰጥም። ክፍላቸውንም ታዪዋለሽ፣ እሺ። ... በርቺ የኔ ልጅ። አማትሽ ውሃ ይስጡሽ። ... እሺ። ... እሺ።

(ስልኩን አስቀመጠች። እጇን ግን ቶሎ አላነሳችም።)

አናጢው! ና ውጣ፣ ሥራህን ጨርስ። ማታ ትደርሳለች፣ ክፍሉን አሳዩኝ ማለቷ አይቀርም። የበሩን የተሰነጠቀ ጣውላ ለውጠው፣ ቀለም ደርብበት፣ ስትደርስ እንዳይሸት መስኮቱን ክፈት። ... የቱ? መቀርቀሪያው?

ተወው፣ አትመልሰው። ቀዳዳውንም ድፈንልኝ።