በለቅሶ ያልታዩት መምህር

ሞቱ ብሎ ጋዜጣ ያወጀላቸው ሰው ከኋላ ትከሻዬን ነካ አድርገው «እንዴት ዋሉ ወይዘሮ የሺሃረግ?» ቢሉኝ ምን ብዬ መመለስ ነበረብኝ? እስከ ዛሬ ሳስበው መልሱ አልመጣልኝም። ደንግጬ ብጮህ ሰው ይሰበሰባል። «እንኳን በሕይወት ኖሩ» ብል «ማን ገደለኝ?» ይሉኛል። የገደለቻቸው ደግሞ የገዛ የልጅ ልጄ ናት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። መስቀል አደባባይ አጠገብ ተሰልፌ የሰንጋ ተራ ታክሲ እጠብቃለሁ። ዘንቢሌ ውስጥ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን አለ፤ ከጎመኑ በላይ ደግሞ ጠዋት ፀሎት «እማማ፣ የመጀመሪያዋ አንባቢ አንቺ ነሽ» ብላ የሰጠችኝ ጋዜጣ። «ደወል» ይባላል። ካዛንቺስ ያለው ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች የሚያዘጋጁት ነው፤ ዘንድሮ አርባ ዓመት ሞላው። ፀሎት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዋና አዘጋጅዋም እሷ ናት። በሁለተኛው ገጽ ላይ በጥቁር መስመር የታጠረ የአንድ ወጣት መምህር ፎቶግራፍ አለ። ከሥሩ «የደወል መሥራች መምህር ገብረአምላክ፣ ነፍስ ይማር» ይላል። ጠዋት አንብቤ አልቅሼበታለሁ።

እንግዲህ ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው ከፊቴ የቆሙት እኚያው መምህር ናቸው። ከስተዋል፣ ጸጉራቸው ነጥቷል፤ ግን ይተነፍሳሉ። ጋዜጣውን ደፍቄ ከጎመኑ ሥር ከተትኩት።

«ጠፉ እኮ መምህር!» አልኩ።

«ካዛንቺስ ሲነሳ ያልጠፋ ማን አለ? እኔን ያደረሰኝ ከከተማው ጫፍ ነው። ጉልበቴም እምቢ ብሎኛል። ዛሬ ግን አላስቻለኝም። ነገ የደወልን አርባኛ ዓመት ያከብራሉ ሲሉ ሰምቼ ሰዓቱን ልጠይቅ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ዘበኛው ‹ጋዜጣው ላይ አለ› አለኝ፤ ጋዜጣው ግን ተከፋፍሎ አልቋል። እርስዎ ጋ አይጠፋም መቼም?»

«የለኝም!» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

«እንግዲያው ቤት ድረስ ሄጄ ከልጅቷ እቀበላለሁ» አሉና ዘንቢሌን ያዙ።

«ይተዉ መምህር፣ በማርያም! ቀላል ነው።»

«እርስዎ ተሸክመው እኔ እጄን እያወናጨፍኩ ልከተል?»

ሁለታችንም ማንጠልጠያውን ይዘን ስንጓተት ሰልፈኛው ሳቀብን። የታክሲው ረዳት «እማማ ይልቀቁላቸው፣ አባት ጀንትል ናቸው!» አለ። ለቀቅኩ። ምን ላድርግ? ሰውየው የገዛ መርዷቸውን ከሽንኩርት ጋር አንጠልጥለው ታክሲ ገቡ።

ጎን ለጎን ተቀምጠን ዘንቢሉን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ድሮን አነሱ። ደወልን ያትሙባት የነበረችውን የማባዣ ማሽን፣ እጀታዋን እያሽከረከረ እስከ ክርኑ ቀለም የሚለቀለቀውን ተማሪያቸውን ሙሐሲንን፣ ነጭ ሸሚዙን አበላሸህ እያለች የምትቆጣውን እናቱን። እኔም ሳላውቀው ተከተልኳቸው። ያኔ አንድ ጋዜጣ ለአሥር ቤት ነበር። መጀመሪያ እኛ ቤት ይነበባል፣ ቀጥሎ እነ ዳባ ቤት ይሄዳል፤ ዞሮ ሲመለስ ጫፉ ተበልቶ፣ ዘይት ጠጥቶ ነው። እኔ በማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍልን ስለጨረስኩ ቦኖ ላይ ውሃ ስንጠብቅ ለሴቶቹ ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር። ተራው የደረሳት እንኳ «ጨርሽውና እቀዳለሁ» ትል ነበር። አሁን ቦኖውም ግቢውም የለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ ይህን አልክድም። ግን በዚያ ሳልፍ የቤቴ ደጅ የቱ ጋ እንደነበር መለየት ያቅተኛል።

ቤት ስንደርስ በሩን የከፈተችው ፀሎት ናት። ያቺን የወጣትነት ፎቶ ሳምንት ሙሉ ስታሳምር ስለከረመች ዓይናቸውን እንዳየች አወቀቻቸው። ግድግዳውን ተደገፈች።

«ልጄ፣ ጋዜጣሽን ፍለጋ ነው የመጣሁት» አሉ መምህር ፈገግ ብለው። ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ጎመኑ ተንከባለለ፤ ጋዜጣውም ብቅ አለ። «ይኸው አለ እንዴ!» አሉና መነጽራቸውን አወጡ።

እሳቸው እስኪያነቡ ነገሩ እንዴት እንደተፈጠረ ልናገር። ፀሎት ባለፈው ወር የሰፈራችንን ሰዎች ያሉበት ሄዳም ደውላም ስለ መምህሩ ጠይቃ ነበር። የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ «እሳቸው ለቅሶ ቀርተው አያውቁም። በዚህ ሁለት ዓመት ግን በማንም ለቅሶ አላየናቸውም። በሕይወት ቢኖሩ ይቀሩ ነበር?» አንዱ «ሳያርፉ አልቀሩም» አለ። ሁለተኛው «አርፈዋል» አለ። ሦስተኛው «ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ» ብሎ ዘጋው። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ማስረጃው በቂ መስሎኝ ነበር። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ላይ ያልታየ ሰው ወይ ታስሯል ወይ ሞቷል።

መምህሩ አንብበው ሲጨርሱ ቀና አሉ። «ይሄ የጋዜጣው አርባ ነው ወይስ የእኔ?»

ጣታቸውን ከፎቶው ሥር አስኬዱ።

«‹ታጋሽና ትሑት› ይላል። ቆሜ ሳለሁ ማንም ታጋሽ ብሎኝ አያውቅም።»

ፀሎት እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ይዘው አስነሷት። «ይቅርታ ጋሼ፤ ማለቴ፣ ሄጄ ማየት ነበረብኝ። አድራሻዎን አጣሁ፣ ጊዜ አጠረኝ፣ በቃ የሰው ወሬ አመንኩ። አሁኑኑ እርማት እጽፋለሁ። ነገ ጠዋት በአንድ ወረቀት አባዝተን በር ላይ እናድላለን። መድረክ ላይ የደወልን ታሪክ የማነበው እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ እሱን ነው የማነበው።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ? በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት? ርዕሰ መምህሩ፣ ወላጁ፣ የድሮው ተማሪ ሁሉ ባለበት ‹በሕይወት ያለ ሰው ገደልኩ› ልትዪ? መሳቂያ ልትሆኚ! ስምሽ እኮ ነው! ይቅርታ እንደሆነ እዚሁ ቤት ጠየቅሽ፣ ካስፈለገም ሁለት ሽማግሌ እንልካለን። ያንን ቴሌግራማችሁ ላይ ያለውን ደግሞ ቀስ ብለሽ አጥፊው።»

«እማማ፣ ማጥፋቱማ አንድ ሰከንድ ነው። ወረቀቱ ግን በየሰው ቤት ገብቷል። ያጠፋሁት በአደባባይ ሆኖ ይቅርታዬ ሳሎን ውስጥ ይቀራል እንዴ?»

መምህሩ ይደግፏታል ብዬ ስፈራ «አያትሽ ልክ ናቸው፤ አታርሚው» አሉ።

ፀሎት አፏን ከፈተች። «ጋሼ! እርስዎ?»

«እኔ። ተዪው እንዲሁ ይቅር። እኔም ነገ አልመጣም።» ጋዜጣውን አጣጠፉት። «የጎረቤታችን የነ ኢብሳ እናት ሲያርፉ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ‹አሁን በምን ፊቴ እሄዳለሁ?› ብዬ ቀረሁ። ቀጥሎ የሙሐሲን አባት። በአንዱ ከቀረሁ በኋላ የሌላው ጋ መሄድ ከበደኝ፤ የፊተኛው እዚያ ይኖራላ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ፈራሁ፤ ስልክም ማንሳት ተውኩ። የሞተ ሰው ለቅሶ ቀረ ተብሎ አይወቀስም፤ እናንተ በማታውቁት ገላገላችሁኝ። ላርመው ካልሽ ግን እንዲህ ነው የምትጽፊው፦ ‹አልሞተም፤ ቀርቶባችሁ ነው።›»

እኚህ ሰው ዝናብ ሳይሉ ጭቃ ሳይሉ የድንኳን ካስማ ሲመቱ እያዩ ያደጉ ልጆች ስንት ናቸው! አዘንኩላቸው። ደስም ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም፤ እሳቸውም ዝም እንበል ካሉ በልጄ ማንም አይስቅም።

ፀሎት ግን የዋዛ አይደለችም። «የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች አንብቤያለሁ» አለች። «በየዕትሙ መጀመሪያ ገጽ ሥር ‹ባለፈው የተሳሳትነው› የሚል አምድ አለ። ያስጀመሩት እርስዎ ነዎት።»

«እሱን አምድ እንዳታነሺብኝ!» አልኩ። ሳላስበው የቆየ ቁስሌ ተነካ። «አባትሽ ሰባተኛ ክፍል ሳለ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣ ብሎ ደወል ጻፈ። ግቢው ሙሉ እልል አለልኝ። በሚቀጥለው ዕትም ‹ተሳስተናል፣ ሦስተኛ ነው› ብለው አወጡት! ቦኖ ላይ እኔው ነኝ በአፌ ያነበብኩት። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ከእኚህ ሰው ጋር ስንት ጊዜ ሰላምታ እንደተውኩ ጠይቂያቸው።»

«ሁለት ወር» አሉ መምህር።

«አየሽ? እርማት የሚባለው ነገር ሰው ያዋርዳል።»

«እማማ፣ እውነተኛዋ ሁለተኛስ ማን ነበረች?»

አላስታወስኩም። መምህሩ ናቸው የመለሱት፤ «አያንቱ ዳባ።»

አያንቱ! የጎረቤቴ የዳባ ልጅ። እልል ሲባልልኝ ከእናቷ ጎን ጄሪካኗን ይዛ ቆማ ነበር። እርማቱን ሳነብም ቆማ ነበር፤ ያን ቀን ጄሪካኗን እየደበደበች፣ እየዘፈነች ወደ ቤቷ መግባቷ አሁን ፊቴ ላይ መጣ። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ልጄ ሦስተኛነት ስበሳጭ የዚያች ልጅ ሁለተኛነት አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«እርማቱ አባቴን አላዋረደውም» አለች ፀሎት፣ ቀስ ብላ። «የሷን ነው የመለሰላት።»

ይህን ጊዜ የፀሎት ስልክ ጠራ። ስልኳ ጆሮው ተበላሽቶ በስፒከር ብቻ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን።

«ፀሎት፣ የእኔ ልጅ፣ ጋሼ ሙሐሲን ነኝ፤ ከወሎ ሰፈር። ልጄ ጋዜጣውን ከትምህርት ቤት አመጣችልኝ። ደንበኛ አስወጥቼ ሱቁን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ቀብራቸው መቼ ነበር? የት ነው ያረፉት? ያንን እጀታ እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ሰው እኮ ናቸው! ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ እፈልጋቸዋለሁ፣ ነገ እፈልጋቸዋለሁ ስል…» ቀጥሎ የምንሰማው ለቅሶውን ብቻ ሆነ። ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት፣ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል።

መምህሩ ጣታቸውን ለፀሎት ነቀነቁ፤ አትንገሪው። ፀሎት እሳቸውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። እኔ ፈሪዋ፣ ደረጃ ስትወርድ እንኳ «ቀስ በይ» የምላት፣ ራሴን ስነቀንቅ ተገኘሁ። «ንገሪው» አልኩ በከንፈሬ።

«ጋሼ ሙሐሲን፣ ተሳስቻለሁ። መምህር ገብረአምላክ በሕይወት አሉ። ሳላረጋግጥ ነው የጻፍኩት። ነገም በሁሉም ፊት እናገራለሁ።»

ለቅሶው ቆመ። «አልሐምዱሊላህ!» አለ። መልሶም «አልሐምዱሊላህ!» አለ፤ ከዚያ ቁጣው መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ልትገድዪኝ ነው? የት ነው ያሉት? ለምን ጠፉ?»

«እሱን እሳቸው ቢነግሩዎት ይሻላል።»

አሁን ደግሞ ሳቀ። «ገባኝ። የአባቴን ቀብር ስለቀሩ ነው አይደል? አይ ጋሼ! ያን ቀን ስንት ሰው እንደቀረ ታውቂያለሽ? አንዱ ላፍቶ፣ አንዱ የካ፣ አንዱ ቁጥሩን ቀይሮ። እኔስ የስንቱን ቀረሁ? ሰፈር ሲበተን የሁላችንም ለቅሶ ነው የተበተነው። እስከ መግሪብ ሶላት ሱቅ ነኝ፤ ካገኘሻቸው እንደዚህ በያቸው። ነገም ማሽኗን የሚያሽከረክር ሰው ከፈለጉ እጄ እንዳለ ነው በያቸው።»

ስልኩ ተዘጋ። መምህሩ መሐረባቸውን አወጡ፣ መልሰው ከተቱት።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ስህተት የሚሸፈን እንጂ የሚነገር አይመስለኝም ነበር። ልጅን ከሐፍረት መሸሸግ መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ግን ያን ቀን ዝም ብንል ኖሮ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሙሐሲን ላልሞተ ሰው እያለቀሰ ይኖራል። መምህሩ በሕይወት ሳሉ ከሰው ተለይተው ያረጃሉ። ልጄ ደግሞ በደወል አርባኛ ዓመት መድረክ ላይ ውሸት መሆኑን የምታውቀውን ነገር ታነባለች፤ የፈራሁላት ሳቅ ከዚህ አይብስም። በግልጽ የታረመ ስህተት የጻፈውን ያስከብራል፤ አንባቢው «እነዚህ ሲሳሳቱ ይናገራሉ» ብሎ ሌላውንም ያምናቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እርማት የሚጻፈው ለተሳሳተው ሳይሆን ቦታውን ለተቀማው ሰው መሆኑን ያቺ ጄሪካን የያዘች ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ አስተማረችኝ። አያንቱን ፈልጌ ልደውልላት ቆርጫለሁ። ጠፍቶ የከረመ ዘመድ ካላችሁም የሰው ወሬ አትመኑ፤ በራችሁን ቆልፋችሁ ሂዱና እዩት።

ፀሎት ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርቱን ገፋ አድርጋ ጻፈች። ስትጨርስም አነበበችልን፤ «ተሳስተናል። መምህር ገብረአምላክ በሕይወት አሉ። ሄደን ሳናይ የሰማነውን ጻፍን። መምህሩንና አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። ፀሎት፣ ዋና አዘጋጅ።»

ስሟን ስታነብ ልቤ ፈራ፤ ግን «ስሙን አውጪው» አላልኳትም።

መምህሩ እጃቸውን ዘረጉ። እስክሪብቶውን ሰጠቻቸው። «እንጠይቃለን» የሚለውን ሰርዘው «እጠይቃለሁ» አሉት፤ የፈረመ ሰው በብዙ አፍ አይናገርም ለማለት መሰለኝ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ከሥሩ በዚያ በምናውቀው በተቀረጸ የእጅ ጽሑፋቸው አንድ መስመር ጨመሩ፤ «እኔም ለቅሶ ላልደረስኩላቸው ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ። ገብረአምላክ።»

«ሻይ ላፍላ፣ ትንሽ ይረፉ እንጂ» አልኩ። እሳቸው ግን ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጥቁር መስመር ያለበትን ጋዜጣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በሩን ከፈቱ። ጉልበታቸው ደረጃውን አይችለውም ብዬ ሰጋሁ፤ ሊመሽ ነው፣ ጃንጥላም አልያዙም። በመስኮት ተከተልኳቸው። ወደ ሰፈራቸው አውቶቡስ አልተሻገሩም፤ «ወሎ ሰፈር! ወሎ ሰፈር!» ወደሚለው ረዳት ነበር እጃቸውን እያወዛወዙ የሄዱት።