ቤት የገባው ቱታ

ዝናብ ባያባርረኝ ኖሮ ያን ቀን የሳሙና ፋብሪካው ቦይለር ክፍል ደጃፍ ላይ ባልቆምኩ ነበር። ተጠልዬ ሳለሁ ከውስጥ ክርክር ሰማሁ። መምህር ነኝና ክርክር ስሰማ እግሬ አያስችለውም፤ ገባሁ።

አንደኛው ተከራካሪ ሠራተኛው ሁሉ «አባ ሸፍን» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሙቀት እንዳያመልጥ የእንፋሎት ቧንቧ ሲሸፍኑ አርባ ዓመት ኖረዋል። ሌላዋ ይህንኑ ሙያ ከእኛ ትምህርት ቤት ተምራ የወጣች ወጣት ናት። በመካከላቸው የድሮ ሽፋኑ እስከ ግማሽ የተላጠ ቧንቧ አለ። ሽማግሌው ቱታቸውም ቅንድባቸውም ነጥቶ ወፍጮ ቤት የዋሉ ይመስላሉ።

«እሰይ፣ መምህር፣ እንኳን መጣህ! እስቲ ዳኘን» አሉኝ። «ይህች ተማሪህ ቧንቧውን አይንኩ ትለኛለች። ከነካሁም አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ሽፋኑን በውሃ አርሼ፣ ቱታዬን እዚሁ አውልቄ፣ ገላዬን ታጥቤ ነው አሉ ቤቴ የምገባው። ሙሽራ ነኝ እንዴ?»

«ጋሼ፣ በድፍረት አይዩብኝ» አለች ልጅቷ። «የድሮው ሽፋን አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን አለበት። ብናኙ ዓይን የማያየው መርፌ ነው፤ ሳንባ ከገባ አይወጣም። ሕመሙ የሚታየው ደግሞ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።»

«እኔ አርባ ዓመት ስተነፍሰው ኖሬያለሁ! ይኸው፣ ደረጃ ስወጣ አንቺን እቀድምሻለሁ። ሳል የለ፣ ምን የለ። ደግሞ ቱታው ያልነጣ ሠራተኛ ሲያንቀላፋ የዋለ ነው!»

ይህን የሚሉት ለቀልድ አይደለም። በሙያው ሰዎች ዘንድ ነጭ ቱታ ክብር ነው፤ ለብሰውት በሰፈር መሐል ያልፋሉ። አዲስ የተቀጠረ ሰው ቱታው ንጹሕ ከሆነ ብናኙን በእፍኝ አንስተው ይነሰንሱበት ነበር፤ እንኳን ደህና መጣህ ማለታቸው ነው።

ልጅቷ የነጣውን ቱታቸውን አየት አደረገች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቱታዎን ማን ነበር የሚያጥብልዎ?»

«ማን ያጥባል? ባለቤቴ ናት እንጂ! በር ላይ ትቀበለኝና ግድግዳ ላይ እየመታች ታራግፈዋለች። ፊቷ ሁሉ ይነጣና እንሳሳቃለን። ‹ይሄ ልብስህ ጉሮሮዬን ያዘኝ እኮ› ስትለኝ፣ ‹አፍሽን ዘግተሽ አራግፊያ!› እላታለሁ...»

ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። ሳንባቸው ታሞ፣ መተኛት አቅቷቸው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው ነው ያደሩት።

«ሐኪሙ ጠይቆኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «‹ባለቤትዎ አቧራ ያለበት ቦታ ሠርተው ያውቃሉ?› አለኝ። ‹ኧረ እሷ ከቤት ወጥታ አታውቅም› አልኩት።»

«ጋሼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም።»

«ተይኝ እባክሽ፣ አታባብይኝ።»

እኔስ ብሆን ምን አፍ አለኝ? አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሙቀት እንዴት እንደሚቆጠብ ሳስተምር ስለ ብናኙ የሚናገረው ምዕራፍ መጽሐፌ ውስጥ ነበር። ፈተና ላይ አይመጣም እያልኩ ዘለልኩት። ልጅቷ የተማረችው በራሷ አንብባ ነው። ያፈርኩትን ማፈር እኔ ነኝ የማውቀው።

«አሁንስ ማን ያጥብልዎታል?» አልኳቸው።

«ልጄ ናት። ወልዳ እኔው ጋ ነው ያለችው። ሕፃኑን በአንድ እጇ ታቅፋ...» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ ምን ላድርግ? እንደ ጀማሪ ቁጠሪኝና ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ቧንቧው ለአሁኑ እንዳለ ይሸፈን፤ የድሮውን ሽፋን የሚያነሱት መከላከያ ያላቸው ሰዎች ይሁኑ፤ በምትኩ የሚገባው ከመስታወት ክር የተሠራ ሱፍ ሙቀቱን እንደ ድሮው ይይዛል። ቱታው በፌስታል ታሽጎ እዚሁ ይቅር። አባ ሸፍን ከቦይለሩ ጀርባ አውልቀው በባልዲ ውሃ ታጠቡ። ለካ አርባ ዓመት ሲሠሩ ቅያሪ ልብስ ይዘው መጥተው አያውቁም፤ ካፖርቴን ሰጠኋቸውና አብረን ወጣን።

ልጃቸው ሕፃኑን ታቅፋ በሩን ከፈተችና እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። «ቱታውስ አባዬ?»

«ቀረ» አሉ። የተዘረጋውን እጇን ያዙት። «እናትሽ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።» ከዚያ በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ።

ዛሬ ፋብሪካው መታጠቢያና የልብስ ማጠቢያ አለው፤ ከዚያ ክፍል ብናኝ ተሸክሞ ቤቱ የሚገባ የለም። ልጃቸውን ሐኪም አይቷት «ለጊዜው ደህና ነሽ» ብሏታል። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል ግን እስካሁን አባ ሸፍንን እንቅልፍ ትነሳቸዋለች። ጡረታ ቢወጡም ማምሻውን እየመጡ የፋብሪካው በር ላይ ይቆማሉ። አዲስ ሠራተኛ ባዩ ቁጥር «ቱታህን ማን ያጥብልሃል?» ይሉታል። «ባለቤቴ» ያለ እንደሆነ እጁን ይዘው ወደ መታጠቢያው ይመልሱታል።