ስለ ተሳቢው ፒን ስብራትና ስለ ሦስቱ ምስሎች የተሰጠ ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ናጂያ ከማሉ እንድሪስ
ዕድሜ፦ 33
ሥራ፦ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን
አድራሻ፦ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ
የተጠርጣሪው ስም፦ እንግዳው አስረስ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ መተማ ዮሐንስ
ቀን፦ ህዳር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.
ቃሉ የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 7፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ሃይለማርያም ደሴ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው የተወለድኩት ገዳሪፍ ነው። አባቴ ከጎንደር ሄዶ እዚያው ሱቅ ከፍቶ የኖረ ነጋዴ ነበር። አማርኛ የማውቀው ቤት ውስጥ በተማርኩት ልክ በመሆኑ፣ በዓረብኛ የተናገርኩትን ዓረብኛ የሚችለው ቃል ተቀባይ ፖሊስ እየጠየቀኝ በአማርኛ አስፍሮታል። ላለፉት ሰባት ዓመታት የዘርና የሙጫ ጥራት በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሚባለው መሣሪያ ላይ እሠራለሁ። መሣሪያው በብርሃን ሳይሆን በኤሌክትሮን ጨረር የዕቃውን ገጽ ይዳስሳል፤ ዓይን የማያየውን ጉብታና ጎድጓዳ በጥቁርና ነጭ ምስል ያወጣል። የዘወትር ሥራዬ የሰሊጥ ፍሬ ገለፈት መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ማየት ቢሆንም፣ ዩኒቨርሲቲ ስማር የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በተሰበረ ብረት ላይ ነው።

ወደዚህ የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ አይደለም። እኔ ያነሳሁት፣ እኔው ራሴ ግርጌውን የቆረጥኩት ምስል በእንግዳው ላይ ማስረጃ ሆኖ ስለቀረበ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ቃል ስሰጥም ሁለት ጊዜ ተነስቼ መስኮቱ ጋ መቆሜ ቢጻፍ ቅር አይለኝም።

አደጋውን በዓይኔ አላየሁም። ከተጠርጣሪው እህት ከሸጊቱ አስረስ እንደሰማሁት፣ ጥቅምት 24 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ እንግዳው በትራክተር ይጎትተው የነበረው ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ፣ ከመተማ ወጣ ብሎ ባለ አቀበት ላይ ፒኑ ተሰብሮ ተለቀቀ፤ ወደ ኋላ ተንደርድሮም ደረቅ ወንዝ ውስጥ ተገለበጠ። ጭነቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ባንታምላክ የተባለ የቀን ሠራተኛ ሞተ፣ ሁለት ሰዎች ቆሰሉ። ፒን የሚባለው ተሳቢውን ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው፣ የሁለት ጣት ውፍረት ያለው ብረት ነው። ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት እንግዳውና ባንታምላክ በመኝታ ቦታ ይገባኛል ተጣልተው ተደባድበዋል፤ እንግዳውም «ቆይ፣ አገኝሃለሁ» ማለቱን የሰሙ ሰዎች አሉ። በዚህ የተነሳ ፒኑን አስቀድሞ በመጋዝ ገዝግዞታል ተብሎ ሰው በመግደል ተጠርጥሮ ታሰረ።

ሸጊቱ በላቦራቶሪያችን በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። ስድስት ዓመት እንተዋወቃለን፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። የፒኑ አንዱ ግማሽ ትራክተሩ ላይ ቀርቶ ፖሊስ ወስዶታል። ሌላውን ግማሽ እሷ ከሦስት ቀን በኋላ ተሳቢው ከተገለበጠበት አሸዋ ውስጥ ቆፍራ አገኘችው። በአገሯ ማጭድ እንዳይዝግ እንደሚደረገው በሰሊጥ ዘይት አሽታ፣ በሻሽ ጠቅልላ ወደ ገዳሪፍ ይዛው መጣች። ጥቅምት 30 ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ አስቁማኝ፣ «ናጂዬ፣ ያ ማሽንሽ የሰሊጥ ገለፈት እንኳ ያሳይ የለ? ይኼ ብረት እንዴት እንደተሰበረ አይነግርሽም? ወንድሜ ግልፍተኛ ነው፤ ነፍሰ ገዳይ ግን አይደለም» አለችኝ። ማሽኑ አይናገርም፣ የሚናገረው ሰው ነው ብዬ ተቆጣኋት። ብረቱን ግን ተቀብያታለሁ።

ብረቱ ከመሣሪያው ሳጥን ቁመት ስለበለጠ፣ ህዳር 1 ቀን ወንድሜ ዛኪር ዘንድ ወሰድኩት። ዛኪር ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ በያጅ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝና ያስተማረኝ እሱ ነው። ከስብራቱ በተቃራኒ ያለውን ጫፍ በሴጌቶ፣ ማለትም በብረት መጋዝ፣ ቆርጦ አሳጠረልኝ። የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። በዚያ ጫፍ ላይ የሚታየው የመጋዝ ቁርጥ በእኔ ጥያቄ የተደረገ መሆኑ ተለይቶ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ።

ህዳር 2 ቀን ዓርብ ስለሆነ ላቦራቶሪው ዝግ ነበር። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በያዝኩት ቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። የኃላፊዬን ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቀው እንደማይፈቅድ አውቃለሁ። ዘይት መሣሪያውን ስለሚያበላሽ የስብራቱን ገጽ በአሴቶን ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ሸጊቱ ሳታውቅ መልካም አድርጋለች፤ ዘይቱ ባይኖር ኖሮ ዝገት ሁሉንም ይበላው ነበር። አየሩ ከሳጥኑ ተመጥጦ እስኪያልቅ ስጠብቅ በውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እደነግጥ ነበር። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሥራውን ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እስከ 7 ሰዓት ድረስ ሦስት ምስል አነሳሁ።

በአንደኛው ምስል ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። የመጋዝ ምልክት አይደሉም። ብረት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመሳብና በመለቀቅ ብዛት ሲደክም ስንጥቅ ያበጃል፤ ተሳቢው በጎተተው ቁጥር ስንጥቁ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በገፋ ቁጥርም አንድ መስመር ይተዋል። መጋዝ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢበዛ አሥር ጭረት ቢተው ነው። በዚህ ምስል ላይ ግን በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ መስመር አለ። እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው መጋዝ በዓለም ላይ የለም። ይህ ስንጥቅ በትንሹ ሃያ ሺህ ጊዜ ተስቦ የተሠራ ስለሆነ የወራት እንጂ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ምስል የተነሳው ከስብራቱ ሌላ ጎን ነው። እዚያ መስመር የለም፤ እንደ ማር እንጀራ የተያያዙ ጎድጓዶች ናቸው ያሉት። ይህም ብረቱ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የተበጠሰበት ክፍል ነው። ስለካው የፒኑን ሲሶ ያህል ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ በአደጋው ቀን ያን ሁሉ ጭነት ይዞ የነበረው የፒኑ ሲሶ ብቻ ነው። በዓይን ይታይ ነበር ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ፒኑ መያዣው ውስጥ ሆኖ ሊታይ አይችልም ብዬ መልሻለሁ።

ሦስተኛው ምስል ስንጥቁ የጀመረበትን ቦታ ያሳያል። እዚያ የተሰበሰቡ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ቀልጦ በረጋ ብረት ውስጥ ጋዝ ታምቆ ሲቀር የሚሠራቸው ናቸው፤ ዙሪያው ያለው የብረቱ አሠራርም ከሌላው የተለየ ነው። በዚህ ምክንያት ፒኑ አንድ ጊዜ ተበይዶ እንደነበር፣ ስንጥቁም ከብየዳው እንደተነሳ አወቅሁ። ወዲያው ለሸጊቱ ደውዬ ፒኑ የት እንደተበየደ ጠየቅኋት። «ሐምሌ ላይ ሰንጠቅ ብሎበት፣ እንግዳው ፒኑን ብቻ ይዞ በአውቶቡስ ገዳሪፍ መጥቶ አልነበር? ወንድምሽ ዘንድ ነዋ! አንቺው አይደለሽ ሱቁን ያሳየሽን?» አለችኝ። እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ አንድ ረዥም ሰው ይዛ መጥታ ጎበዝ በያጅ ጠቁሚን ስትለኝ ኮርቼ እስከ በሩ ድረስ ወስጃቸዋለሁ። 

በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሱቁ ሄጄ ዛኪርን ጠየቅሁት። ሌላው በያጅ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በእርሻ ወራት አዲስ ፒን እስኪገኝ ትራክተር አይቆምም እየተባለ የተሰነጠቀው ይበየዳል። ዛኪርም፣ «አዲስ አሠራ ብዬዋለሁ ብዬ ልዋሽሽ እችላለሁ፤ ወላሂ አላስታውስም። ክረምት ነበር፣ የምበይድበት ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ እርጥበት ጠጥቶ ይሆናል። ዝናብ የነካውን ለጭነት ብረት እንደማይበይዱበት አውቃለሁ፤ ግን ሰዉ ቆሞ እያጣደፈኝ…» አለ። ብየዳው ውስጥ ጋዝ የሚያምቀው እንዲህ ያለው እርጥበት ነው። ቀጥሎ ስሙ ምስሉ ላይ ይጻፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይጻፍም አልኩት። አዘንኩለት፣ በጣምም ተናደድኩበት።

ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። በመሣሪያው ምስል ግርጌ እንደ ጥብጣብ የሆነ አንድ ጥቁር ሰቅ አለ። በሰቁ ላይ የላቦራቶሪው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ምስሉ ስንት ጊዜ እንደጎላ የሚያሳየው ቁጥርና የልኬት መስመሩ ይታተማሉ። ያለፈቃድ መሥራቴ እንዳይታወቅብኝ ሰቁን ከአንደኛውና ከሁለተኛው ምስል ቆርጬ ጣልኩት። ሦስተኛውን ጨርሶ አላተምኩትም፤ ያስቀረሁት ስለ ወንድሜ ነው። ሰቁ የሌለው ምስል ግን መጠን የለውም፤ የሚታየው የጣት ጥፍር ያህል ይሁን የመንደር ስፋት የሚያውቅ የለም። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። ህዳር 3 ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ምስሎች ለሸጊቱ ሰጠኋት፤ መስመሮቹ ወንድሟ እንዳልቆረጠው ያሳያሉ ብዬም ነገርኳት። እሷም ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ሸጊቱ ህዳር 5 ቀን ወደ መተማ ተሻግራ፣ ለዕርቅ ተቀምጠው ለነበሩ ሽማግሌዎች ምስሉን አሳየች። ከሽማግሌዎቹ ጋር የሟቹ ወንድም ነበር፤ ስሙም ይታያል ነው። ሥራው አናጢነት ነው። አንደኛውን ምስል አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ሃያ ዓመት እንጀራዬ መጋዝ ነው። የመጋዝ መንገድ ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ይኸው ጥርሱ!» ብሎ ምስሉን ይዞ ተነሳ፣ ለፖሊስም አቀረበው። አልፈርድበትም። ልኬት የሌለው ምስል እጁ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ያም ሰው ወንድሙ ሞቶበታል። ዕርቁ በዚያው ቀን ፈረሰ። የእንግዳው ሁለት ልጆች በቀል ተፈርቶ ከቤት እንዳይወጡ ተደረገ።

ህዳር 12 ቀን ረፋድ ላይ ሸጊቱ ተመልሳ ይህን ነገረችኝ። አልጮኸችም። «ናጂዬ፣ ያንቺ ፎቶ ነው ወንድሜን የገደለው» አለችኝ። ለሻይ የምትጠቀምበትን ከሰል ስታቀጣጥል ክብሪቱ ሦስት ጊዜ ጠፋባት። በማግስቱ ኃላፊዬ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። መሣሪያውን በፊቱ ከፍቼ፣ በሴጌቶ የተቆረጠውን ጫፍና ስብራቱን በአንድ ዓይነት ማጉያ ጎን ለጎን በአንድ ምስል አነሳኋቸው። የመጋዙ ጭረትና የስብራቱ መስመር እንደማይመሳሰሉ አየ፤ ምስሎቹን ሁሉ ከነሰቃቸው ማኅተም አደረገባቸው። ቀጥሎ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ተቀበለኝ፤ ስለ ሥራዬ ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም።

ዛሬ ጠዋት በ12 ሰዓት ከገዳሪፍ ስነሳ ዛኪር አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። እንዲመጣ አልነገርኩትም።  ድልድዩን ተሻግረን መተማ ስንገባ፣ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አንቺ ገብተሽ ያየሽውን ተናገሪ። የኔን ነገር ለኔ ተይው» አለኝ። ወዴት እንደሄደ አላየሁም። የሱን ስም ሳልጠራ ለመጨረስ ወስኜ ገብቼ ነበር። ነገር ግን መርማሪው ስንጥቁ ከምን ተነሳ ብሎ ሲጠይቀኝ ከብየዳው ነው አልኩ። በያጁን ታውቂዋለሽ ወይ ሲለኝ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ተመልሼ ተቀምጬ መለስኩ። ፒኑን የበየደው ወንድሜ ዛኪር ከማሉ ነው። እንግዳው ፒኑን አልቆረጠውም።

ማኅተም ያለባቸውን አራት ምስሎች፣ ተቆርጦ የነበረውን የሰቁን ቅጂ፣ የፒኑን ግማሽና የተቆረጠውን ጫፍ በዛሬው ዕለት አስረክቤያለሁ። ሁለቱ ግማሾች እንዳይገጣጠሙ አሳስባለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያምረው ገጥሞ ማየት ነው፣ ሲፋተጉ ግን መስመሮቹ ይጠፋሉ።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስፈራራኝ፣ ምንም ነገር ቃል ሳይገባልኝ ነው። በአማርኛ ተነቦልኝ፣ ሁለት ቦታ አሳርሜ፣ የተጻፈው ሁሉ ያየሁትና ያደረግሁት እውነት በመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ፍርድ ቤት ስጠራም ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ናጂያ ከማሉ
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡45

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ዛኪር ከማሉ የተባለው ግለሰብ በራሱ ፈቃድ ቀርቦ፣ ፒኑን በእርጥብ ኤሌክትሮድ የበየደው እሱ መሆኑን በመግለጽ፣ ምስክሯ ቃሏን ከመጀመሯ በፊት ከቀኑ 6፡50 በቁጥር 2 ክፍል ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል። ምስክሯ ይህን አታውቅም ነበር። የተነገራት ከፈረመች በኋላ ነው።

የመርማሪው ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ሃይለማርያም ደሴ