የሌሉ ሰዎች የውሃ ተራ

ሥራዬ ሰው መቁጠር ነው። በየደጁ ቆሜ «ስንት ናችሁ?» እላለሁ፤ የተነገረኝን እጽፋለሁ፤ አመስግኜ ወደሚቀጥለው ደጅ አልፋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስቆጥር የማይዋሽ ሰው አላጋጠመኝም ብል ግነት እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ ዕድሜውን ይቀንሳል፣ ሌላው የልጆቹን ቁጥር ይረሳል። የሌለ ሰው ስም ተጠርቶ «አለ!» ሲባል የሰማሁት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱን ላጫውታችሁ።

ጎርፍ ከመታት ሦስት ዓመት ወደሞላት አንዲት የወንዝ ዳር መንደር በማለዳ ደረስኩ። ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ስለነበር የራሴን ጫማ እንኳ አላየውም። የመስኖ ቦዩን ድምፅ ተከትዬ ስራመድ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ሲጣሩ ሰማሁ።

«የግንበኛው ቤት!»

«አለሁ!» አለ ከጉሙ ውስጥ የደከመ ድምፅ።

«የልብስ ሰፊዋ ቤት!»

ዝም። ጥቂት ቆይተው ጠሪው ራሳቸው «አለች!» ብለው መለሱ።

«የልጄ ቤት!»

አሁንም ዝም። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ የሚጠነቀቁ ይመስል፣ «አለ» አሉ። ከዚያ የቦዩን ውሃ የሚገታው ሳንቃ ሲነሳ ሰማሁ፤ ውሃውም ወደማላየው ማሳ ወረደ። እኔም እውነቱን ለመናገር ሕልም ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ነበር።

ጠጋ ብዬ ሰላምታ ስሰጣቸው የጠፋ ሰው ያገኙ ያህል ደስ አላቸው። የውሃው ተራ አስከባሪ ናቸው፤ መንደሩ «አባ ተራ» ይላቸዋል። ሥራዬን ስነግራቸው «እንኳን መጣህ! ከእኔ ቤት ጀምር» ብለው እጄን ይዘው ወሰዱኝ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ጎርፉ የደረሰበት ቡናማ መስመር ከወገብ በላይ ተሰምሮ ይታያል። በመስኮቱ አጠገብ ምራታቸው፣ የመንደሩ አስተማሪ፣ የተማሪዎች ደብተር ታርማለች። ዳቦና ሻይ ቀረበልኝና ቅጼን ዘረጋሁ።

«እዚህ ቤት ስንት ናችሁ?»

«ሦስት» አሉ አባ ተራ። «እኔ፣ ምራቴና ልጄ። ልጄ ለጊዜው የለም።»

አስተማሪዋ ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔም «ለጊዜው የሌለ» የሚል ቦታ ስላገኘሁ ምልክት አደረግሁበት። ቅጽ ያለው ሰው ብዙ አያስብም፤ የእኛ ሙያ ዋና በሽታ ይህ ነው።

«የመንደሩ ቤትስ?»

ከወንበሩ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ መዝገብ አወጡ። «ዘጠና ቤት! አንድ አልጎደለም።»

«አባባ፣» አለች አስተማሪዋ፣ «እንግዳ ፊት አንድ ነገር ልናገር፤ እንዳይቆጡኝ።»

«የቁጣ ዕድሜዬ አለፈ። ተናገሪ ልጄ።»

«ከዘጠናው አርባው ባዶ ነው። ከፊሉን ውሃው ወሰደው፤ ወጣቱ ደግሞ ወደ ከተማ ሄዶ ቀረ። የቀረው በብዛት ሽማግሌና አሮጊት ነው። በዚያው ዝናብ ተራራው የተናደባቸው ሠላሳ አምስት ቤተሰቦች መጥተው አጠገባችን ሰፍረዋል፤ እነሱ ግን መዝገብዎ ውስጥ የሉም። ተራ ስለሌላቸው ችግኛቸው ሁለት ጊዜ ደረቀ። ከአሥር ቀን በኋላ መኪና መጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዳቸው ነው። ከስልሳ ተማሪዎቼ ሃምሳው የእነሱ ልጆች ናቸው። በአሥር ልጅ ትምህርት ቤት አይከፈትም።»

«ያሳዝናል» አሉ አባ ተራ ከልባቸው። «ነገር ግን ተራ የሰው ነው። ከአባቴ ዘጠና ስም ተረከብኩ፤ ዘጠና አድርጌ አስረክባለሁ። ነገ አንዱ ቢመለስ ምን ልበለው? ውሃህን ለመጤ ሰጠሁት ልበለው?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ማን ተመለሰ?»

«አለመመለስና መቅረት አንድ አይደለም።»

አስተማሪዋ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ዓይኗ ድረስ አልደረሰም። «እሺ፣ አያትዎ ያቆሙት ሕግ ምን ይላል?»

«አካፋ ያልያዘ ተራ አይጠይቅም ይላል። ቦይ ሲጠረግ ያልወጣ ቤት ውሃ አያገኝም።»

«ጎርፉ ቦዩን በደለል ሲደፍነው ማን ጠረገው? አምናስ? ካቻምናስ?»

አባ ተራ ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ። ስኳር አልጨመሩበትም ነበር።

«መጤዎቹ» አሉ በመጨረሻ።

«ታዲያ አካፋው የእነሱ፣ ውሃው የባዶ ቤት የሆነው በየትኛው ሕግ ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? ይህ ቦይ በሽማግሌዎቹ ትከሻ ብቻ ስንት ዓመት ይቆያል? የሚመለስ ካለ እሰየው፤ አካፋውን ይዞ ይምጣ፣ ከመሃላችን ተራ እናወጣለታለን።»

አባ ተራ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ፍረደን እስቲ።»

«አባ፣ እኔ ቆጣሪ እንጂ ዳኛ አይደለሁም» አልኩ። «ያየሁትን ግን ልንገርዎ። ጎርፍ፣ ድርቅ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ያለፈባቸውን ብዙ መንደሮች ቆጥሬያለሁ። አደጋ ሰው ይበትናል፤ ሰውም ያመጣል። የድሮው መንደር እንዳለ ሲመለስ አላየሁም። ወይ ከመጣው ጋር ሌላ መንደር ሆኖ ይኖራል፣ ወይ መዝገብ ላይ ብቻ ይቀራል።»

ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን መዝገባቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«እንግዲያው ልጄንም ሰርዘው በሉኛ! ጎርፉ ከወሰደው ወዲህ ሬሳው አልተገኘም። አልቀበርኩትም። በአሥር ቀን አንዴ ስሙን ጠርቼ ውሃ እለቅለታለሁ፤ ከእሱ የቀረኝ ይኸው ነው። ይህን ደግሞ ለማን ልስጥ?»

አስተማሪዋ ተነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ባሌ ነው አባባ» አለች። «እኔም ኮቴ በሰማሁ ቁጥር በር እከፍታለሁ። የላይኛውን ቁልፍ ያልሰፋሁለት ሸሚዝ እስከዛሬ መርፌው እንደተሰካበት ተሰቅሏል። ይሰርዙት አላልኩም። ግን ሦስት ዓመት ውሃ ሲለቁለት ማሳውን አንድ ቀን ሄደው አይተውታል?»

ለካ ሳንቃውን ከማንሳት በቀር ወደዚያ ዝር ብለው አያውቁም! አባ ተራ ከዘራቸውን አነሱና ወጡ። እኛም ተከተልን።

ጉሙ ገና አልገፈፈም። ማሳው ማሳ መሆኑ ቀርቶ ረግረግ ሆኗል፤ ቄጠማ በቅሎበታል፤ እንቁራሪት ይጮሃል። መሃሉ ላይ ልጃቸው የተከለው የሎሚ ዛፍ እስከ ግማሽ ግንዱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ አንድ በአንድ ውሃው ላይ ይወርዳል። ከአጥሩ ውጭ ከመጤዎቹ አንዷ፣ ሥራዋ አትክልት መትከል የሆነ ሴት፣ ቆማ ትመለከተዋለች።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አሉ አባ ተራ።

«ልሰናበተው መጥቼ ነው አባባ፣ ሎሚውን። በየቀኑ በዚህ ሳልፍ አየዋለሁ። እየሰጠመ ነው።»

«ዛፍ ይሰጥማል እንዴ?»

«ውሃውን የሚመራለት እጅ ካጣ ይሰጥማል። ሥሩ አየር ያጣል።»

«አይድንም?»

«ያቺ ቅርንጫፍ ገና አረንጓዴ ናት። ማፋሰሻ ቢቆፈርለት ሊተርፍ ይችላል።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

ሴትየዋ ከልቧ ግራ ተጋባች። «መዝገብ ላይ የለሁም። ማን ነኝ ብዬ ልናገር?»

አባ ተራ ከዘራቸውን ጥለው ቁጢጥ አሉ። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ግንዱን ዳሰሱት። «እኔ ነኝ ያሰጠምኩት» አሉ። አስተማሪዋ ትከሻቸውን አቀፈች፤ አለቀሱ፤ እሷም አለቀሰች። እኔም ቅጼን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ ዓይኔን ጉም ነካው ብዬ ብዋሽ ማንም አያምነኝም።

ቆጠራው አሥር ቀን ፈጀብኝ። በዘጠኙ ቀናት አባ ተራ እንደ ወትሮው ለሌሉት «አለ፣ አለች» እያሉ ዋሉ፤ ድምፃቸው ግን በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ። በአሥረኛው ማለዳ መኪናው ድልድዩ ላይ ቆሞ ፍራሽና ድስት ይጫንበታል። ሕፃናቱ ከዕቃው መሃል ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። አባ ተራ ሳንቃው ዘንድ ቆሙ።

«የግንበኛው ቤት!»

«አለሁ!»

«የልብስ ሰፊዋ ቤት!»

ዝም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለሱላትም።

«የልጄ ቤት!»

ሁላችንም ጠበቅን። እሳቸውም ጠበቁ፤ ምናልባት ከሁላችንም ይልቅ እሳቸው። ውሃው ሳንቃውን እየገፋ ይንሿሿል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ድልድዩ አዞሩ።

«የአትክልተኛዋ ቤት!»

ሴትየዋ ፍራሽ እንደተሸከመች ደርቃ ቀረች።

«አለሁ ይባላል ልጄ» አሉ አባ ተራ። «ውሃ ቆሞ አይጠብቅም።»

«አለሁ» አለች፤ ፍራሹም ከትከሻዋ ወደቀ። ቀጥለው የመጤዎቹን ቤቶች አንድ በአንድ ጠሩ። በዚያ ዘጠኝ ቀን ማታ ማታ ምራታቸውን እያስጻፉ ስማቸውን ሁሉ በቃል አጥንተውት ኖሯል።

ከዓመት በኋላ አስተማሪዋ ጻፈችልኝ። ሳምንት ይፈጅ የነበረው የቦይ ጠረጋ በአንድ ቀን ተኩል አልቋል። ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ክፍል ተሠርቶለታል። በታመመ ሽማግሌ ደጅ ላይ አትክልት የሚያኖር ጎረቤት ተገኝቷል፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ማለት ይኸው ነው። ከተማ ከሄዱት አንዱ ተመለሰ፤ አካፋ ተሰጥቶት ተራም ወጣለት፤ ማንም አልተጣላም። ሎሚው በአንድ ቅርንጫፉ አብቧል። እናንተም ደጃችሁ ላይ የመጣውን ሰው ሳትጠይቁ፣ ለሄደው ብቻ በር ይዛችሁ የቆማችሁ እንደሆነ ይህን አስቡ፤ የተዉት ቦታ ለሄዱት መታሰቢያ የሚሆነው ያለው ሰው ሲኖርበት ነው።

ያን ዕለት ማለዳ ግን፣ መኪናው ባዶውን ከተመለሰ በኋላ፣ አባ ተራ ወደ እኔ መጥተው ቅጼን እንዳወጣ ጠየቁኝ።

«የእኔን ቤት ስንት ብለህ ነበር?»

«ሦስት፣ አባ።»

ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ።

«ሁለት በል» አሉ። ቀጥለው ወደ ማሳው ተመለከቱ፤ አትክልተኛዋ እስከ ጉልበቷ ረግረጉ ውስጥ ገብታ ትቆፍራለች። «የመንደሩን ግን እንዳትሳሳት። ቆጥረህ ቆጥረህ ሁሉንም ጻፍ።»