ቅዳሜ ቅዳሜ የምትነሳው መኪና

ሚስተር ኦልስታድ በአራት ክረምት ውስጥ ሦስተኛውን ባትሪ ታቅፈው ከመለዋወጫ መደብሩ ሲወጡ በሩ ላይ ከብሪታ ጋር ተገጣጠሙ። ብሪታ የጎረቤታቸው የሩድ ልጅ ናት። በሙያ ማሠልጠኛው የመኪና ጥገና ታስተምራለች፤ ትርፍ ጊዜዋን ደግሞ ከሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው የበጎ አድራጎት ጋራዥ እጇን በዘይት ስታጨማልቅ ትውላለች።

“ደህና ነዎት ሚስተር ኦልስታድ? ፒካፑ አስቸገረዎት እንዴ?”

“ፒካፑስ ደህና ነው። የአርዲስ መኪና ናት።”

የሽማግሌው ሚስት አርዲስ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ትንሿ ሰማያዊ ኮሮላቸውም ከዚያ ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ሚስተር ኦልስታድ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የጋራዡን በር ከፍተው፣ በመስኮት እጃቸውን ሰደው ሞተሯን ያስነሷታል። ዐሥር ደቂቃ አጠገቧ ቆመው ያዳምጡና ያጠፏታል። ጎማዋን እንኳ ይወለውላሉ። ኤልም ፎርክ በሚኒሶታ ካሉት ትንንሽ ከተሞች አንዷ ናትና ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ደፍሮ የሚናገር ግን አልተገኘም።

“አንድ ነገር ልበልዎት፤ ካስቀየምኩዎት ይቅር ይበሉኝ” አለች ብሪታ። “ያችን መኪና ለእኛ ጋራዥ ይስጧት።”

“ይቅርብኝ።”

በዚያ አገር ይህ ቃል እንቢታ አይደለም። ቡና ሲቀርብ፣ ኬክ ሲቀርብ፣ በረዶ የያዘውን መኪናህን ልግፋልህ ሲባል፣ ሁለቴ ‘ይቅርብኝ’ ሳይል እሺ የሚል ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ሚስተር ኦልስታድ ግን የዚያን ዕለት የምራቸውን ነበር።

“የእነዚህን በጎ አድራጊ ተብዬዎች ማስታወቂያ በሬዲዮ እሰማለሁ” አሉ። “መኪናህን ስጠን ይላሉ፤ ከዚያ ወስደው በጨረታ ይቸበችቧታል። ግማሹ ለማስታወቂያ፣ ግማሹ ለአለቃ ደመወዝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።”

“እንዲህ የሚያደርግ አለ፤ አልክድም። ለዚህ እኮ ነው ሰው ከመስጠቱ በፊት ‘መኪናዬን ምን ታደርጓታላችሁ?’ ብሎ መጠየቅ ያለበት። ከሚሸጡትም ውስጥ በገንዘቡ ጥሩ ሥራ የሚሠሩ አሉ። እኛ ግን አንሸጥም። ጠግነን፣ ሥራ እያላት መሄጃ መኪና ላጣች እናት ቁልፉን እንሰጣለን።”

“በነጻ?”

“በነጻ።”

“ሰው ያልለፋበትን አያከብርም። በስድስት ወር ውስጥ አድቅቃ ትጥላታለች።”

“ዘይት መለወጥና ጎማ መቀየር በገዛ እጇ እስክትችል ድረስ ማንም ሴት ከእኔ ቁልፍ አትቀበልም። አሁን እንኳ አንዷ ተምራ ጨርሳ ተራዋን ትጠብቃለች። ከከተማ ውጭ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ አውቶቡስ ወደዚያ አይሄድም። እስከ ዛሬ የምታደርሳት ጓደኛዋ አገር ልትለቅ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ መኪና ካላገኘች ሥራዋን ታጣለች፤ እኛ ጋ ደግሞ የምንሰጣት አንድም መኪና የለም። ይስጧት፣ ሚስተር ኦልስታድ።”

“ይቅርብኝ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ። የአርዲስ ናት። እኔ እስካለሁ ድረስ እሷ እንደተወቻት ትቆያለች።”

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተሰናብቶ ይሄድ ነበር። ብሪታ ግን ከልጅነቷ ደረቅ ናት። “እንግዲያው ባትሪውን ልግጠምልዎት” ብላ ከእጃቸው ወሰደችው። ወገባቸው ካመማቸው ሰንብቷልና ይህንን እንቢ አላሉም።

ቤት ደርሰው ባትሪው ሲገጠም ሽማግሌው መኪናዋን አስነሷት፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገውም አዳመጡ። “ትሰሚያለሽ? አንድ እንከን የላትም።”

“ያጥፏት እስቲ” አለች ብሪታ። ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብላ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታችና ገልብጣ አሳየቻቸው። ውስጡን ያረጀ ማዮኔዝ የመሰለ ዝቃጭ ሸፍኖታል።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ከዘይት ጋር የተላቆጠ ውሃ ነው። ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ሲጠፋ ውስጡ ያልበዋል። መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትነዳ ኖሮ ተንኖ ይወጣ ነበር። ቆማ ዐሥር ደቂቃ ተነስታ ስትጠፋ ግን እዚያው ይቀራል። የጭስ መውጫዋ ማርሚታም በዚሁ ውሃ ከውስጥ እየዛገ ነው። ባትሪዎቹን የገደላቸውም ይኸው ነው፤ ባትሪዎቹ ለማስነሳት ያወጡትን ኃይል መልሰው ሳይሞሉ እርስዎ ያጠፏታል።”

“በየቅዳሜው… እኔ ነኝ?”

“አዎ። ዝም ብለው ቢተዉአት ይሻላት ነበር።”

ሚስተር ኦልስታድ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። አራት ዓመት ሙሉ የጠበቋት መስሏቸው ሲገድሏት ኖረዋል። አዘኑ፤ ከማዘናቸው ይልቅ ማፈራቸው ባሰ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እሳቸውን ግን የመከራቸው አንድ የዘይት ክዳን ነው።

“ትድናለች?” አሉ ቀስ ብለው።

“ዛሬ ከሆነ ትድናለች። ዘይቷ ይለወጣል፣ ማርሚታዋ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ የምትፈልገው በየቀኑ የሚነዳትን ሰው ነው። እርስዎ ይነዷታል?”

“እኔ እሷ ወንበር ላይ አልቀመጥም።”

ብሪታ ክዳኑን መልሳ ገጠመችና አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። “ዐሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ከትምህርት ቤት በበረዶ ስመለስ ሚስዝ ኦልስታድ በዚህች መኪና ቆሙልኝ። እናቴ ሰው እንዳታስቸግሪ ስላለችኝ ሁለቴ ይቅርብኝ አልኳቸው። እሳቸው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁኝ። ሚስዝ ኦልስታድ እግረኛ አይተው አልፈው ያውቃሉ?”

“ኧረ አታውቅም። ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ሁለት ሰዓት ትቆያለች። ሰው ሳደርስ ነው ትላለች።”

“ታዲያ እሳቸው እንደተዉአት ነው የሚያቆዩአት? በር ተቆልፎባት? ይሄው ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ።”

ሽማግሌው ተነስተው ቤት ገቡና ሊብሬውን ይዘው ወጡ፤ እዚያው ኮፈኑ ላይ ሊፈርሙ ሲሉ ብሪታ እጃቸውን ያዘች። “የተቀባዩ ስም ሳይጻፍ በባዶ ወረቀት ላይ አይፈረምም። ነገ ጋራዡ ይምጡ፤ ስማችንን ጽፈን፣ ፈርመው፣ ደረሰኝ ይቀበሉ። መስጠትዎንም ለመኪና መዝገብ ቤቱ ያሳውቃሉ፤ አለበለዚያ ወደፊት የመኪናዋ ቅጣት ሁሉ እርስዎ ቤት ይመጣል።”

በግንቦት አንድ ቀን ፒካፑ መንገድ ላይ ቆመባቸውና ሚስተር ኦልስታድ በዝናብ በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ሰማያዊ ኮሮላ አልፋቸው ሄደች፤ ወዲያው ቆማ የኋሊት መጣች። የመጦሪያ ሠራተኞች ልብስ የለበሰች ሴት መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ኋላዋ የሕፃን ወንበር ታስሯል።

“ይግቡ አባባ፤ ላድርስዎት።”

“ይቅርብኝ፤ ቅርብ ነኝ።”

“ዝናብ ነው እኮ።”

“ውሃ አይገድለኝም፤ ይቅርብኝ።”

ሴትየዋ ማርሽ አስገባች። እንዳትሄድባቸው ፈሩ። እሷ ግን መልሳ አወጣችውና በሩን ከውስጥ ከፈተችላቸው። “እኔም በዚህ መንገድ በእግሬ ሄጄበታለሁ። ይግቡ በሉ።”

ገቡ። አርዲስ ስትነዳ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሞተሩ ሞቆ ነበር፤ ድምፁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚሰሙት የተለየ ነው።

“ዘይቷን መቼ ለወጥሽ?” አሏት።

“ባለፈው ሳምንት፣ በራሴ እጅ። ምነው ጠየቁኝ?”

“እንዲያው ነው።” የማን መኪና እንደነበረች አልነገሯትም፤ የሚሰጥ ሰው ስጦታውን ተከትሎ መሄድ የለበትም ብለው ነው። ከቤታቸው ደጃፍ ስትርቅ ግን ዝናቡ ላይ ቆመው አለቀሱ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ቨርን ሃውገን አጠገብ ተቀመጡ። ቨርንም ሚስቱ ሞታበት መኪናዋን በሸራ ሸፍኖ የሚጠብቅ ነው።

“ቨርን፣ የዘይት ክዳኗን ከፍተህ አይተህ ታውቃለህ? የእኔ ልትሞት ነበር። ዛሬ አንዲት ሴት ሥራ ትሄድባታለች። ልጇ ሲታመም ሐኪም ቤት ይደርስባታል። የመጦሪያው ሽማግሌዎች ጠዋት የሚያነሳቸው አላጡም፤ ነገ እኔና አንተም እዚያው ነን። ዝናብ ላይ የቆመ ሰውም ይሳፈርባታል፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ባትሪ መግዛት ተውኩ። ለብሪታ ስጣት።”

“ይቅርብኝ” አለ ቨርን።

“ይሄ የመጀመሪያው ነው” አሉ ሚስተር ኦልስታድ፣ ወንበራቸውን ወደ ቨርን አስጠግተው።